ስልኩ 4ጂ ነው፤ ሲሙስ?

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ግማሾቹ ደንበኞቼ ጅዳና ዱባይ ናቸው፤ ቪዲዮ ቀርጬ በቴሌግራም ነው የምልክላቸው። እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ሳምሰንግ ስልክ አመጣችልኝ፣ ካርቶኑ ላይ 4ጂ ይላል። እኔ ግን ከላይ የማየው ኤች ፕላስ ብቻ ነው። ጎረቤቴ እዚያው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ 4ጂ ታገኛለች። ሲሜን የገዛሁት በ2001 ነው፤ ቁጥሩን ሰው ሁሉ ስለያዘው መቀየር አልፈልግም። ጥገና ቤት ስጠይቅ ‹ፍላሽ ተደርጎ 4ጂ ይከፈትልሻል› አሉኝ። ሌላው ደግሞ 5ጂ ስልክ ግዢ ይለኛል። የወር ፓኬጅ እየገዛሁ አንድ ቪዲዮ ለመላክ ግማሽ ቀን! ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ለጊዜው ብርሽን ያዢ። ፍላሹም (የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫኑ) ይቅር፣ 5ጂውም ይቅር። ትልቁን ፍንጭ ራስሽ ጽፈሽልኛል፦ ጎረቤትሽ እዚያው ሱቅ ውስጥ 4ጂ ታገኛለች። ስለዚህ ኔትወርኩ አለ ማለት ነው። የቀረው ወይ ስልኩ ነው ወይ ሲሙ። እኔ የምጠረጥረው ሲሙን ነው። ግን በጥርጣሬ ብቻ ብር አይወጣም፤ መጀመሪያ እንፈትሽ።

ለምን ሲሙን እንደጠረጠርኩ ልንገርሽ። በ2001 እኛ አገር 4ጂ የሚባል ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ እንኳን 4ጂ የጀመረችው በመጋቢት 2007 ነው። ያንቺ ሲም የተሸጠው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሲም ደግሞ ፕላስቲክ ብቻ እንዳይመስልሽ። ያቺ ወርቃማ ነገር ሥር ያለችው ቺፕ ትንሽዬ ኮምፒውተር ናት። ስልክሽ በተከፈተ ቁጥር ኔትወርኩ «ማን ነሽ?» ይላል፤ በውስጧ በተቆለፈ ሚስጥራዊ ቁልፍ አስልታ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። የድሮ ሲም የሚያውቀው የድሮውን ጥያቄና መልስ ነው። 3ጂ ሲመጣ ለድሮ ሲሞች በሩ አልተዘጋም ነበር። አንቺም ኤች ፕላስ የምታገኚው ለዚህ ነው፤ ኤች ፕላስ ማለት የ3ጂ ፈጣኑ ዓይነት ነው። 4ጂ ላይ ግን ደንቡ ጠበቀ። «ዩሲም» የሚባለው አዲሱ ዓይነት ካልሆነ በስተቀር አያስገባም። ስልክሽ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ሲሙ በር ላይ ከቀረ እሱም አብሮ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ አልኩ። የ2001 ሲም ትልቁ ዓይነት ነው፣ 25 በ15 ሚሊሜትር። አዲሶቹ ስልኮች የሚቀበሉት ናኖ የሚባለውን ነው፣ 12.3 በ8.8 ሚሊሜትር። የ2001 ሲምሽ ያ ሳምሰንግ ውስጥ ከገባ አንድ ቀን መቀስ ነክቶታል ማለት ነው። አልተሳሳትኩም አይደል? ችግሩ ደግሞ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የድሮው ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው፣ ናኖው 0.67። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፣ ጣት ግን ያውቀዋል፦ መሳቢያው ሲገባ ጠበቅ፣ ሲወጣ ያዝ ያደርጋል። በመቀስ የተቆረጠ ሲም ስታወጪ ቀስ በይ። በጉልበት ሲሳብ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የብረት ጥርሶች ይጣመማሉ፤ ያኔ ያልነበረ ወጪ ይመጣል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ጎረቤትሽን ቡና ጥሪያት። የምሬን ነው፤ ሥራው ሦስት ነገር ማቀያየር ስለሆነ ከቡናው ጋር ልክ ይመጣል።

አቦሉ ላይ የሷን ሲም አውጥታችሁ ያንቺ ስልክ ውስጥ ክተቱት። ስልክሽ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ «1» የሚለው ቦታ ላይ አድርጊው። ከዚያ ስልኩን አጥፍተሽ አብሪና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ከላይ 4ጂ ወይም ኤልቲኢ የሚል ከመጣ ስልክሽ ንጹሕ ነው። ፍላሽ ያለሽ ሰውዬ የሚከፍተው የተዘጋ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ቶናው ላይ ገልብጡት። ያንቺን ሲም የሷ ስልክ ውስጥ አስገቡ። የሷ ስልክ በሷ ሲም 4ጂ ሲያገኝ ቆይቶ ባንቺ ሲም ኤች ፕላስ ላይ ከቆመ ነገሩ አለቀ። ጥፋተኛው ሲሙ ነው።

በረካው ላይ ደግሞ ሲሞቹን ወደየቦታቸው መልሱና የሷን ስልክ ሆትስፖት አድርጉት። አንቺ በዋይፋይ ትገቢና ያንኑ እምቢ ያለሽን ቪዲዮ ትልኪያለሽ። ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። በሷ ኢንተርኔት እየላክሽም ስልክሽ ከተንቀራፈፈ ሌላ በሽታ አለበት፦ ሚሞሪው ሞልቷል፣ ወይም ከጀርባ አሥር አፕ እየሠራ ነው። ስቶሬጁ አፍንጫው ድረስ የሞላ ስልክ ይዘው ኔትወርኩን የሚረግሙ ሰዎች በየሳምንቱ ይመጡብኛል።

ሦስቱንም ስትጨርሱ ለማንም አምስት ሳንቲም ሳትከፍሉ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።

ሲሙ ነው ከተባለ ቁጥርሽን አትቀይሪም። የሚቀየረው ካርዱ ነው። ቁጥሩ፣ ቀሪ ሂሳቡ፣ ቴሌብር ላይ ያለው ብር የተመዘገበው ኢትዮ ቴሌኮም ጋ እንጂ ካርዱ ላይ አይደለም። ቴሌግራምም እንዲሁ፤ አትውጪበት፣ አታጥፊው፣ ባለበት ይቀጥላል። የአገልግሎት ማዕከል ሄደሽ «ሲሜን ወደ 4ጂ ቀይሩልኝ» ነው የምትዪው። ዋጋው ከአዲስ ስልክ ዋጋ ጋር አንድ ላይ የሚጠራ አይደለም። ሐይቅ ካልተሳካልሽ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ክር ልትገዢ ስትመጪ አብሮ ያልቃል።

ከመሄድሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አለ። ሁለቱም ሰው አስለቅሰዋል።

አንደኛው የስልክ ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ዘመን ስም የምንመዘግበው ሲሙ ላይ ነበር። አንድ ሲም ብዙውን ጊዜ እስከ 250 ስም ይይዛል፤ ካርዱ ሲቀየር እነሱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ኮንታክት ውስጥ ግቢና «ኢምፖርት» የሚለውን ፈልገሽ ሲሙ ላይ ያሉትን በሙሉ ወደ ስልኩ፣ ከተቻለም ወደ ጂሜልሽ ገልብጪ። የጅዳ ደንበኞችሽን ስም ካርዱ ላይ ትተሽ እንዳትሄጂ አደራ።

ሁለተኛው ሲሙ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ይሄ ወሎ ውስጥ ያልነካው ቤት የለም። ያኔ ሲም ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ስለነበር ወንድም ለእህቱ ያወጣላታል፣ ባል ለሚስቱ። አሥራ ምናምን ዓመት ስትደውዪበት ኖረሽ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ «ባለቤቱ ይምጣ» ትባያለሽ። ባለቤቱ ደግሞ ሪያድ ነው! መጀመሪያ በማን ስም እንደሆነ አጣሪ። በሌላ ሰው ስም ከሆነና ሰውዬው አገር ውስጥ ካለ ይዘሽው ሂጂ፣ በዚያው ወደ ስምሽ ይዙርልሽ። ያልታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ይዘሽም አትልፊ። ፋይዳ ካለሽ እሱን ያዢ።

አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር አሮጌው ይሞታል፤ ያ ደህና ነው። የቴሌብርም የባንክም ሚስጥር ቁጥርሽን ግን ለሚቀይርልሽ ሰው አትንገሪ፣ ለሥራው አያስፈልገውም። ወደፊት ደግሞ ሳትቀይሪ ሲምሽ በድንገት «ኖ ሰርቪስ» ካለና እዚያው ያለ ሌላ ሰው ስልክ ከሠራ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ በሌላ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውዪ። አንድ ሰው ባንቺ ቁጥር ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሲሙ ተቀይሮም 4ጂ ካልመጣ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ። «ሞባይል ኔትወርክ»፣ ከዚያ «ኔትወርክ ሞድ»። 4ጂ፣ 3ጂ እና 2ጂን አንድ ላይ የያዘው «አውቶ» የሚለው መመረጥ አለበት። አንዳንድ ሰው ባትሪ እንዲቆጥብለት ብሎ 3ጂ ላይ ይቆልፈውና ይረሳዋል። ጥገና ቤት «4ጂ ከፈትኩልሽ» ሲሉሽ ብዙ ጊዜ የሚነኩት ይችን ናት፤ በነጻ ነው። ሁለት ሲም ከሆነ ደግሞ «ሞባይል ዳታ» የትኛው ሲም ላይ እንደተመረጠ እዪ። ቆየት ባሉት አንዳንድ ስልኮች አንደኛው ቦታ ብቻ ነው 4ጂ የሚሠራው፤ ሁለተኛው ለመደወያ ብቻ የተተወ ነው። ሲሙን ቦታ በማቀያየር ብቻ የተፈታ ስንት አቤቱታ አይቻለሁ።

ስለ ፍላሹ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እኔም ተነክሼበታለሁ። ስልክ 4ጂ የሚይዘው ውስጡ ባለው ሬዲዮ ነው፤ ያ ሬዲዮ ከፋብሪካ ሲወጣ የትኞቹን ሞገዶች እንደሚሰማ ተወስኖ ነው። ሶፍትዌር ቀይሮ የሌለ ሬዲዮ መጨመር አይቻልም። የአክስቴ ልጅ ስልኩን «4ጂ ይሆናል» ተብሎ ለፍላሽ ሰጠ፤ የስንት ቀን ደሞዙን ከፈለ። ሲመለስለት *#06# ስንነካ የሚወጣው አሥራ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር ዜሮ በዜሮ ሆኗል። 4ጂ ቀርቶ መደወልም አቆመ። አምጥቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። የማስተካከያውን መንገድ ያየ አያድርስ።

እርግጥ የአንዳንዱ ሰው ችግር ስልኩ ይሆናል። ይሄን የምጽፈው ያንቺን ጥያቄ ለሚያነቡት ነው፣ ምክንያቱም ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ስልክ ብዙ ነው። የስልክ ስም ያታልላል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4ን ውሰዱ፦ ሞዴሉ አይ9500 የሆነው 4ጂ የለውም፣ አይ9505 የሆነው አለው። ከውጭ ስታዩዋቸው መንታ ናቸው። አይፎን 5ም እንዲሁ። ኤ1428 የሚለው ለአሜሪካ ኔትወርክ የተሠራ ነው፤ 4ጂ አለው፣ ግን እኛ ጋ የሚሠራበትን የ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ አይሰማም። ኤ1429 ግን ይሰማል። ስለዚህ ዘመድ «ስልክ ልላክላችሁ» ሲል ማየት ያለባችሁ ስሙን አይደለም፣ ከካርቶኑ ጀርባ ወይም «አባውት ፎን» ውስጥ ያለውን የሞዴል ቁጥር ነው። ባንድ 3 ወይም 1800 የሚል ካለበት ይሁን። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ድርጅት የተቆለፈ አለመሆኑን አስጠይቁ። የተቆለፈ ስልክ የኛን ሲም ጨርሶ አይቀበልም።

ወደ ሱቅሽ ልመለስ። ሱቅሽ ከምንድን ነው የተሠራው? አልጻፍሽልኝም፣ ግን አብዛኛው የገበያ ሱቅ ቆርቆሮ ወይም ላሜራ ነው። ብረት ሲግናልን ይመልሳል። በላሜራ በር ግማሽ ዘግተሽ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ የምትልኪ ከሆነ 4ጂ ቢመጣም ይዳከማል። ሞክሪው፦ ሴቲንግ፣ «አባውት ፎን»፣ «ስታተስ»፣ «ሲም ካርድ ስታተስ» ውስጥ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይጻፋል። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። 4ጂ ላይ ከሆንሽ ከመቀነሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከ90 ካነሰ ሸጋ ነው፣ 110 ሲደርስ ደካማ፣ ወደ 120 ሲጠጋ ያለም የለምም። የ10 ልዩነት ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ነው።

እኔ ደሴ ነኝ፣ ከጦሳ ሥር። ጓዳዬ ውስጥ ስለካው −117 ነበር። ስልኩን ይዤ አራት እርምጃ ተራምጄ መስኮቱ ጋ ስደርስ −98 ሆነ። ያው ስልክ፣ ያው ሲም፣ ያው ፓኬጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቅ ፋይል የምልከው ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ነው። ባለቤቴ «ፀሐይ ልታሞቀው ነው?» ትለኛለች።

አገራችን ተራራ ነው፣ ምን ይደረግ። የ1800 ሞገድ ፈጣን ነገር ይሸከማል፣ ግን እንደ 900ው ሩቅ አይሄድም፣ ጋራም አይዞርም። ለ2ጂ የሚሠራበት 900 ግን ይታገላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርጂ ስልክሽን እዪው። አንዱ ኩርባ ላይ 4ጂ፣ ቀጥሎ ኤች፣ ጋራው ሲጋርድሽ ኢ የምትባለዋ የ2ጂ ፊደል ብቻ። እዚያ ላይ ሲምም ስልክም አይወቀስም።

አሁን ዋናው ያንቺ ጉዳይ፦ አንቺ የምትልኪ እንጂ የምታወርጂ አይደለሽም። ሰው ፍጥነት ሲለካ የሚያየው ማውረዱን ነው። መላክ ብዙውን ጊዜ ከማውረድ ይቀንሳል። ማማው ትልቅ ኃይል አለው፣ ድምፁ አንቺ ጋ ይደርሳል፤ ያንቺ ስልክ ግን በትንሽ ባትሪ ነው የሚጮኸው። ሲግናሉ ሲደክም መጀመሪያ የሚሞተው መላኩ ነው። ስለዚህ ከሱቁ ወጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ መላክ ላንቺ ከማንም በላይ ይጠቅማል።

ቪዲዮውንም አቅልዪው። ጋቢ ለማሳየት 4ኬ ጥራት ምን ያደርጋል? ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ወደ 720 ወይም 1080 አውርጂው፤ ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» አድርገሽ ስትልኪ ሳይጨመቅ እንዳለ ነው የሚሄደው፣ «ቪዲዮ» ብለሽ ከላክሽው ግን ይጨመቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የላክሽውና ማታ 2 ሰዓት ላይ የላክሽውም አንድ አይደሉም። ማማው የሠፈሩ ሁሉ የጋራ ነው፤ ማታ ሁሉም ቲክቶክ ላይ ነው። ፓኬጅሽ እንዳያልቅ ደግሞ የቴሌግራምን «አውቶ ዳውንሎድ» እና የፕሌይ ስቶርን አውቶ አፕዴት በሞባይል ዳታ ላይ አጥፊያቸው።

5ጂ ላልሽው፦ አዲስ አበባ ላይ ሙከራው የተጀመረው በግንቦት 2014 ነው። አንቺ ያለሽበት ሳይደርስ ለሱ ብለሽ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። ከከፈልሽም ሐይቅ ላይ የሚሰጥሽ ያንኑ 4ጂ ነው፣ ያውም ሲሙ አዲስ ከሆነ።

የአገልግሎት ማዕከሉ ነገር ከዘገየብሽ ወይም ባለስሙ ሪያድ ከሆነ ሌላ መውጫ አለ። ስልክሽ ሁለት ሲም ከያዘ፣ በስምሽ አንድ አዲስ ሲም አውጪና ለዳታ ብቻ ተጠቀሚበት። አዲስ የሚሸጠው 4ጂ ነው። በ2015 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ባለ07ቱ ሳፋሪኮምም አንድ አማራጭ ነው፤ ከመግዛትሽ በፊት ግን ያለው ሰው ሱቅሽ ድረስ መጥቶ ያሳይሽ። አሮጌው 09 ቁጥር እንዳለ ይቀመጣል፣ ደንበኛ ይደውልበታል። 4ጂ አንደኛው ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አዲሱን እዚያ፣ አሮጌውን ሁለተኛው ላይ አድርጊ።

ሌላው፣ 4ጂ ከመጣልሽ በኋላ ስልክ ሲደወልልሽ ከላይ ያለው ምልክት ወደ ኤች ወይም ወደ 3ጂ ሲወርድ ታዪ ይሆናል። ቪዲዮውም መሃል ላይ ቆም ይላል። አልተበላሸም፤ «ቮልቲ» የሚባለው ካልበራ ወይም ስልኩ ከሌለው ጥሪው በ4ጂ መሄድ ስለማይችል ወደ ታች ወርዶ ነው የሚያናግርሽ። ስትዘጊው ይመለሳል። ሞባይል ኔትወርክ ውስጥ «ቮልቲ ኮልስ» የሚል ካገኘሽ አብሪው። ካላገኘሽ ትልቁን ቪዲዮ ልከሽ እስክትጨርሺ ያችን ወሬኛ ደንበኛሽን አታንሺላት።